የንግሥት ሄሌና ሁለተኛ ልጅ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት ስምምነት መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ከምናብ አገር የመጣ አንድ የቤተ ሰብ ጉዳይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ነገሩ በእውነት ያልኖረች አንዲት ንግሥትና በእውነት ያልተወለዱ ልጆቿን የሚመለከት ነው፤ ሆኖም በእርሱ ምክንያት በ2024 ዓ.ም. አንድ ስመ ጥር ደራሲና የእርሳቸውን መጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን ያዛወሩት ሰዎች በሕዝብ ፊት ለመነቃቀፍ በቅተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) የክርክሩም መነሻ የሁለት ዓመት ሕፃን ነው።

ደራሲው አሜሪካዊው ሚስተር ጆርጅ ማርቲን ናቸው። እኚህ ሰው ከ1996 እስከ 2011 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ «የበረዶና የእሳት መዝሙር» በሚል ስም የሚጠሩትን አምስት ታላላቅ ተከታታይ መጻሕፍት አሳትመዋል። በ2011 ዓ.ም. ኤች ቢ ኦ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት ከእነዚህ መጻሕፍት ያወጣውን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለ ተከታታይ ቴአትር ማሳየት ጀመረ፤ ቴአትሩም በሰባ ሦስት ክፍል ተከፍሎ እስከ 2019 ዓ.ም. ድረስ ታይቷል። ሚስተር ማርቲን ደግሞ በ2018 ዓ.ም. «እሳትና ደም» የሚለውን መጽሐፍ አወጡ። ይህ መጽሐፍ በዘንዶ ጀርባ ተቀምጠው ይበሩ የነበሩትን የቀደሙትን ነገሥታት ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፥ አጻጻፉ እንደ ዜና መዋዕል ነው፤ ይኸውም አንድ ሊቅ ከብዙ ዘመን በኋላ ተቀምጦ፥ የአንዱን ካህን ቃል ከአንዱ የቤተ መንግሥት አጫዋች ቃል ጋር እያስተያየ፥ የሚያምነውን እያጸደቀ፥ የማያምነውንም እያነወረ የጻፈው መስሎ የቀረበ ነው። ከዚህም መጽሐፍ ከነሐሴ 2022 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው «ሀውስ ኦፍ ዘ ድራገን» የተባለው ሁለተኛው ቴአትር ተገኘ። የምንነጋገርበት ነገር በዚህ በሁለተኛው ቴአትር ውስጥ ነው።

ታሪኩን ገና ያላነበበ፥ ለማንበብም ያሰበ አንባቢ ቢኖር ከዚህ በታች ያለውን ለጊዜው ቢያልፈው አንቀየመውም፤ ምሥጢሩን ሳንገልጥ ነገሩን ማስረዳት አልተቻለንምና።

ንጉሥ ኤጎንና የአባቱ ልጅ ልዕልት ሬኒራ ስለ ዙፋን ተጣልተው አገሩ በሁለት ተከፍሏል። የኤጎን ወንድም የሬኒራን ልጅ ስለ ገደለ የሬኒራ ባል ልዑል ዴይሞን ደም ለመመለስ ይነሣል። የኤጎን ሚስት ንግሥት ሄሌና ትባላለች። በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ሦስት ልጆች አሏት፤ ጄሄሪስና ጄሄራ የሚባሉ የስድስት ዓመት መንትዮች፥ አንዱ ወንድ አንዲቱ ሴት፤ ከእነርሱም በታች ሜሎር የሚባል የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ። በየማታው ከመኝታ በፊት ልጆቿን ይዛ ወደ አያታቸው ወደ እቴጌ አሊሰንት መሄድ ልማዷ ነው። (በዚያ በምናብ ቤተ መንግሥት ወንድም እኅቱን ማግባቱ የተለመደ ስለ ሆነ አሊሰንት ለኤጎንም ለሄሌናም እናት ናት፤ ይህን ልማድ የማንደግፈው መሆኑን አንባቢ ሳንነግረው ይረዳልናል።)

አንድ ማታ ሁለት ሰዎች በአሊሰንት ክፍል ተደብቀው ይጠብቃሉ። አንዱ ቀድሞ የከተማ ዘበኛ የነበረ ሲሆን «ደም» ይባላል፤ ሁለተኛው በቤተ መንግሥቱ አይጥ አዳኝ ስለ ሆነ የግንቡን ስውር መተላለፊያ ሁሉ ያውቃል፤ እርሱንም «አይብ» ይሉታል። አያቲቱን አስረው፥ አፏንም ሸብበው፥ ንግሥቲቱ ከልጆቿ ጋር በገባች ጊዜ በሩን ዘጉባት። የመጡት ስለ አንድ ልጅ አንድ ልጅ ለመውሰድ መሆኑን ይነግሯታል። እርስዋም ልጆቼን ትታችሁ እኔን ግደሉ ብላ ትለምናለች። አይሆንም፤ ሚስት የልጅን ስፍራ አትሞላም፤ ከሁለቱ ወንዶች ልጆችሽ የሚሞተውን አንቺው ምረጪ ይሏታል። ፈጥና ካልመረጠችም በሴቲቱ ልጅ ላይ እጅግ ክፉ ነገር እንደሚያደርሱ ያስፈራሯታል። በመጨረሻም እያለቀሰች የትንሹን የሜሎርን ስም ጠራች። ይህን ያደረገችው ሕፃኑ ነገሩን አያስተውልም ብላ ይሁን፥ ወይስ ታላቁ አልጋ ወራሽ ስለ ሆነ፥ ባለ ዜና መዋዕሉ አልቈረጠም። ገዳዮቹም ወደ ሕፃኑ ዘወር ብለው እናትህ እንድትሞት ፈለገች አሉት፤ ከዚያም ሰይፉን በታላቁ ላይ አሳረፉት።

እናቲቱ ልጅዋን አጣች፤ የቀረው ልጅ ደግሞ ለሞት ስሙን የጠራችው ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሄሌና እህል አልበላም አለች፤ ከክፍሏም አልወጣችም፤ ሜሎርንም ዓይኑን ማየት አልቻለችም። ስለዚህ ንጉሡ ሕፃኑን ከእርስዋ ወስዶ ለአያቱ ለአሊሰንት እንድታሳድገው ሰጣት።

ይህ በመጽሐፉ ከጥቂት ገጾች የማይበልጥ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ካነበቡት ሰዎች ብዙዎቹ ከጦርነቱና ከዘንዶዎቹ ይልቅ ይህችን ሌሊት ያስታውሳሉ፤ በቴሌቪዥን እንዴት ትታይ ይሆን እያሉም ሲጠብቁ ቆይተዋል።

በሰኔ 16 ቀን 2024 ዓ.ም. የሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ክፍል ታየ። በዚያም ሜሎር የሚባል ልጅ የለም። ንግሥቲቱ ሁለቱ መንትዮች ብቻ አሏት። ገዳዮቹ የተላኩት የሬኒራን ልጅ የገደለውን ልዑል ለመግደል ነው፤ እርሱን ባጡት ጊዜ በመኝታ ክፍሏ ያገኟትን ሄሌናን ከተኙት ከሁለቱ ልጆች ወንዱ የትኛው እንደ ሆነ እንድታመለክት ያስገድዷታል። እርስዋም የአንገት ጌጧን አውልቃ ልትሰጣቸው ትሞክራለች፤ እምቢ ባሉ ጊዜ ወንዱን በጣቷ ታሳያለች፤ ታታልለን ይሆናል ብለው ከተጠራጠሩ በኋላም እውነቱን አረጋግጠው ይገድሉታል። ግድያው ራሱ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ይህን አለማሳየታቸውን እናመሰግናለን። ሄሌናም ሴት ልጅዋን አቅፋ በሌሊት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሮጣ ወደ እናቷ ክፍል ትገባለች፤ እናቷንም ከክብር ዘበኛው አለቃ ጋር በማይገባ ሁኔታ ታገኛታለች።

ልብ ብሎ ለተመለከተው የተቀነሰው አንድ ሕፃን ብቻ አይደለም። በመጽሐፉ ጥፋቱ የሚያርፈው በሄሌና አንደበት ላይ ነው፤ እርስዋ ራሷ ያወጣችው ስም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይከተላታል። በቴሌቪዥኑ ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ገዳዮቹ ወንድ ይፈልጋሉ፤ ወንዱ አንድ ነው። ጥፋቱም ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ እናቷና ወደ አለቃው ሄዷል፤ መጠበቅ ሲገባቸው በሌላ ነገር ላይ ነበሩና። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ሳያስቡበት ነው ማለት አይቻልም። ቸል ያለ ዘበኛ ቤት እንዴት እንደሚያፈርስ ማሳየት ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው። የሄሌናንም ክፍል የተጫወተችው ልጅ በጭንቀት ጊዜ ያሳየችው የዝምታ ሁኔታ እጅግ የሚመሰገን ነበር። ቢሆንም ይህ ሌላ ታሪክ ነው፤ ስለ ዘበኛ የተነገረ ነው እንጂ ስለ እናት የተነገረ አይደለም።

ሕፃኑ የቀረበት ምክንያት ምንድር ነው? ሚስተር ማርቲን ኋላ እንደ ገለጡት የዋናው አዘጋጅ የሚስተር ራየን ኮንዳል ምክንያት ከሥራው ችግር የመጣ ነው፤ ይኸውም የገንዘብ ወጪና ትንንሽ ሕፃናት ሥራን የሚያዘገዩ መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን፤ ነገሩ የዚህን ገጽ አንባቢ የሚመለከት ስለ ሆነ።

ቴአትሩ በአብዛኛው የሚሠራው በእንግሊዝ አገር ነው። በዚያም አገር ሕፃን ልጅ በቴአትር ወይም በሲኒማ እንዲሠራ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣትና በአጠገቡ የሚጠብቀው ሰው ማቆም ግዴታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ደንብ እንደሚያዝዘው አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ በሥራው ቦታ ሊቈይ አይፈቀድለትም፤ ከዚህም ውስጥ የሚሠራው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ሳያርፍ ሊያሠሩት አይችሉም። መቶና ሁለት መቶ ሠራተኛ መብራቱንና ልብሱን አሰናድቶ ቆሞ ሳለ የሁለት ዓመት ሕፃን ራበኝ ብሎ ቢያለቅስ፥ ወይም እንቅልፍ ቢወስደው፥ ያን ሁሉ ሰው ሥራ ያስፈታል። ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ለመረዳት ምስክር አያስፈልገውም።

ደንቡን እኛ እንደግፋለን። ይልቁንም ጨካኝ ሰው መስሎ ሰይፍ የያዘ ተዋናይ በፊቱ ሲጮኽ እንዲቆም የራሳችንን የሁለት ዓመት ልጅ አበድሩን ቢሉን እምቢ ማለታችን አይቀርም። ስለዚህ ሚስተር ኮንዳልን ፈሪ ወይም ገንዘብ ወዳድ ብሎ መንቀፍ ቀላል ቢሆንም እውነተኛ ፍርድ አይመስለንም። በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ችግር መድኃኒት የሌለው አይደለም። በሲኒማ ሥራ መንታ ሕፃናትን ተራ በተራ ማሠራት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ከ1987 እስከ 1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ይታይ በነበረው «ፉል ሀውስ» በተባለው የቴሌቪዥን ቴአትር አንዲቱን ሕፃን የተጫወቱት ኦልሰን የሚባሉ ሁለት መንትዮች ናቸው። የሕፃኑን ፊት ብቻውን በእናቱ ጭን እያለ ቀርጾ፥ የገዳዩን ቃል ደግሞ ሕፃኑ በሌለበት ቀርጾ ማገናኘትም ይቻላል። ሕጉ የሚፈቅደው ሠላሳ ደቂቃ ሕፃን ሲደነግጥ ለማሳየት ሳይሆን፥ ሕፃን ምንም ሳያስተውል ሲመለከት ለማሳየት ይበቃ ነበር። በመጽሐፉም ልብ የሚሰብረው ይህ አለማስተዋሉ ነው።

ወደ ደራሲው እንመለስ። ሚስተር ማርቲን በመስከረም 4 ቀን 2024 ዓ.ም. በግል የጽሑፍ ገጻቸው ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጡ። በዚያም እንደ ገለጡት ክፍሉን በጠቅላላው አልጠሉትም፤ አጻጻፉንም፥ አዘገጃጀቱንም፥ የተዋናዮቹንም ሥራ አመስግነዋል። ሕፃኑ ሊቀር ነው የሚለውን ሐሳብ አስቀድመው ሰምተው ነበር፤ ተከራከሩ፤ ግን ብዙም አልገፉበትም። ትዕይንቱ ቢዳከምም የሚዳከመው በጥቂቱ ነው ብለው አሰቡ። ደግሞም ሜሎር ፈጽሞ የሚቀር ሳይሆን መወለዱ ወደ ሦስተኛው ዙር የሚተላለፍ መሆኑን አዘጋጁ ነግረዋቸው ስለ ነበር ተስማሙ። በኋላ ግን ዕቅዱ ተለውጦ ልጁ ከቶ የማይወለድ መሆኑን ሰሙ። የጽሑፋቸው ምሬት የመጣው ከዚህ ነው እንላለን። በመጀመሪያው ቀን ጠንክረው ያልተናገሩ ሰው በኋላ በሌሎች ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳቸውም ላይ ያዝናሉ።

በጽሑፋቸው ስለ አንገት ጌጡም ተናግረዋል። በመጽሐፉ ሄሌና ነፍሷን ትሰጣለች፤ በቴሌቪዥኑ ጌጧን። ደራሲው የመጽሐፏ ሄሌና የበለጠ ድፍረትና ብርታት አላት ብለው የተከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ነገር እኛ ከእርሳቸው ጋር ነን። ነፍሷን ለመስጠት ከጌጧ የበለጠ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሕፃን ተዋናይም አያስፈልገውም። ስለ ወጪ የተነገረው ምክንያት ይህን ለውጥ አይሸፍነውም።

ቀጥለውም ሜሎር በራሱ ታላቅ ሥራ የሚሠራ ሰው አለመሆኑን አምነዋል። አንድ ቃል እንኳ የማይናገር ሕፃን ነው። ግን በኋላ ከቤተ መንግሥት ሲያሸሹት ቢተርብሪጅ በምትባል ከተማ በሕዝብ ግርግር መካከል ይሞታል፤ ስለ እርሱም ሞት ያቺ ከተማ በእሳት ትጠፋለች፤ እናቱም በሐዘንና በጸጸት ራሷን ታጠፋለች፤ በእርስዋም ሞት የዋና ከተማው ሕዝብ ይነሣሣል። አንዱን ሕፃን ካወጡት በኋላ ለእነዚህ ነገሮች ሁሉ አዲስ ምክንያት መፈለግ የግድ ነው። ደራሲው ያስጠነቀቁት ይህን ነው።

ሚስተር ማርቲን የቴሌቪዥንን ችግር የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ የደራሲ ቅናት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ከ1985 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሌሎችን ድርሰት ወደ ቴአትር ሲያዛውሩ ኖረዋል። ከሠሯቸውም አንዱ ሮጀር ዜላዝኒ የተባሉት ደራሲ በ1979 ዓ.ም. የጻፉት ስለ ንጉሥ አርተር ባላባቶች የሚናገር አጭር ልብ ወለድ ነው። በዚያ ድርሰት ውስጥ ባላባቶች በፈረስ ላይ ሆነው ይዋጋሉ፤ ስቶንሄንጅ የሚባሉት ታላላቅ የቆሙ ድንጋዮችም ይታያሉ። የገንዘቡ ኃላፊ ፈረሶቹን ወይም ድንጋዮቹን ነው እንጂ ሁለቱን በአንድነት ላገኝላችሁ አልችልም አላቸው። ሚስተር ማርቲንም በዚያ ጊዜ ወጣት ጸሐፊ ነበሩና ራሳቸው አልቈረጡም፤ ለሚስተር ዜላዝኒ ስልክ ደውለው የትኛውን እናስቀር ብለው ጠየቁ። ሚስተር ዜላዝኒም ድንጋዮቹ ይቅሩ እንጂ ፈረሶቹ አያስፈልጉም አሉ፤ እንዲሁም ሆነ፤ ቴአትሩም በ1986 ዓ.ም. ታየ። ይህን ታሪክ ሚስተር ማርቲን ብዙ ጊዜ ይናገሩታል። ከዚህም የተነሣ በሌላው እጅ ሲሆን የሚያስቀይማቸው ለምን እንደ ሆነ መረዳት አያዳግትም። በግንቦት 2024 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች የደራሲን ሥራ እናሻሽላለን ብለው ከሺህ ጊዜ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን ያበላሹታል ብለው ጽፈው ነበር።

ለውጥ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን ግን አይደለም። በመጀመሪያው መጽሐፍ ልዕልት ዴኔሪስ ስትዳር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አዘጋጆቹ ዕድሜዋን ከፍ አድርገዋል፤ ስለዚህም ማንም የቤተ ሰብ አባት ሊወቅሳቸው አይገባም። ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. አየን። በመጽሐፍ ራምዚ ለተባለው ጨካኝ መስፍን የምትዳረው በሐሰት ስም የቀረበች ሌላ ልጃገረድ ስትሆን፥ በቴሌቪዥኑ የዚያችን መከራ ተመልካቹ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሚያውቃት በሳንሳ ላይ አደረጉት። በሠርጓ ሌሊትም የደረሰባትን ግፍ ሲያሳዩ ሥዕሉ ከእርስዋ ፊት ዘወር ብሎ በግድ እንዲመለከት በተደረገው ወንድ ፊት ላይ አረፈ። ብዙ ሰዎች የተቈጡት በግፉ ብቻ አይደለም፤ የእርስዋ ሥቃይ የሌላ ሰው ሐዘን መግለጫ መሆኑ ነው። የሚዙሪ ግዛት እንደራሴ የነበሩት ክሌር ማካስኪል ከእንግዲህ ቴአትሩን አላይም ብለው ለሕዝብ አስታወቁ። በዚያም በዚህም ያለው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥቃዩ የማን ነው? የሄሌና ወደ ዘበኛው ሄደ፤ የሳንሳ ወደ ተመልካቹ ወንድ ሄደ።

የሚስተር ማርቲን ጽሑፍ በወጣ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ከገጻቸው ተነሣ። ኤች ቢ ኦም በሰጠው መልስ መጽሐፍን ወደ ሥዕል በሚያዛውሩበት ጊዜ ዋናው አዘጋጅ ከባድ ምርጫ የግድ እንደሚገጥመው ገልጦ ሚስተር ኮንዳልን ደገፈ። ይህም መልስ ክብደት አለው። አንዳንዶችም መጽሐፉ እርስ በርሱ በሚጋጭ ወሬ የተጠናቀረ ዜና መዋዕል መስሎ ስለ ቀረበ፥ ቴአትሩ እንደ አንድ ሌላ ምስክር ቢቈጠር ምን ነውር አለው ይላሉ። ብልሃት ያለበት ክርክር ነው። ነገር ግን ባለ ዜና መዋዕሎች በብዙ ነገር ቢለያዩም ልጅ አልነበረም ያለ ከመካከላቸው የለም።

ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች መጽሐፉም ቴአትሩም የሚሆን አይደለም። ለደረሱት ግን ሁለቱንም በቤታቸው ያገኙ ከሆነ አስቀድመው መጽሐፉን እንዲያነቡ እንመክራለን፤ የዚያች ሌሊት ታሪክ በአንድ ማታ አልቆ የሚተርፍ ጊዜ አለ። የሚነበበውም እስከ ግድያው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ እስካለው እስከ ጥቂቱ መሥመር ድረስ ይሁን፤ ይኸውም አያቲቱ ሕፃኑን ከልጅዋ ተቀብላ እንደ ራሷ ልጅ ማሳደግ እስከ ጀመረችበት ድረስ ነው። ቴሌቪዥኑን ሲመለከቱ ይህን መሥመር አያገኙትም።